ለሠራተኞች የስፓኒሽ ስልጠና፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው ሥራ ይሆናል?

አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ የስፓኒሽ ስልጠና ሲፈልግ አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ሰው ይሰለጥናል?» ብለው ነው። ዋጋ ለማውጣት ስለሚያስፈልጋቸው ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ገዢው ግን ከዚያ በፊት ለራሱ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከእነዚህ ሰዎች እያንዳንዱ በስፓኒሽ የሚሠራው ምንድን ነው? በስልክ ቅሬታ የሚቀበል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ በየሳምንቱ ደረሰኝና ውል የሚያነብ የሒሳብ ባለሙያ፣ ለስድስት ወር ወደ ቺሌ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ የሚላክ መሐንዲስ፣ አልፎ አልፎ ከማድሪድ የሚመጡ እንግዶችን የሚያስተናግድ ሥራ አስኪያጅ፣ አራቱም «ስፓኒሽ ያስፈልገኛል» ይላሉ። የሚያስፈልጋቸው ግን አራት የተለያየ ነገር ነው፤ አራቱን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ አራቱንም መበደል ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለአብዛኛው ድርጅት የሚበጀው ከአራት እስከ ስድስት ሰው የሚይዝ፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ፣ ሕያው መምህር ያለው የቡድን ትምህርት ነው። መምህሩ በአካል ይምጣ ወይስ በቪዲዮ ይግባ የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መተግበሪያ ደግሞ ይህን ለመደገፍ እንጂ ለመተካት አይገዛም። ከዚህ ወጣ ያሉ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም በየቦታቸው አነሳለሁ።

ስልጠና የማያስፈልግባቸው ጊዜዎች

ሥራው ከሦስት ወር በኋላ የሚጀምርና ከባድ ድርድር ወይም የሕግ ሰነድ ያለበት ከሆነ፣ ከዜሮ ለሚነሳ ሠራተኛ ስልጠና አይደርስለትም። ያኔ ስፓኒሽ የሚችል ሰው መቅጠር ወይም አስተርጓሚ መያዝ ይሻላል። በዓመት አንድ ሁለት ሰነድ ብቻ ለሚመጣለት ክፍልም ባለሙያ ተርጓሚ ከአንድ ዓመት ትምህርት በእጅጉ ይረክሳል። ስልጠና ዋጋ የሚያወጣው ግንኙነቱ ተደጋጋሚና ዘላቂ ሲሆን ነው። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ወደ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብም አፉን የፈታበት ነው። ከዚህ ገበያ ጋር ለዓመታት የሚሠራ ድርጅት ሁሉንም ነገር በአስተርጓሚ አፍ ማለፍ አይችልም።

ሰዓቱን ሳይቆጥሩ ደረጃ አይጠብቁ

ብዙ የሥልጠና ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የቋንቋ ደረጃ የሚለካው በአውሮፓ ምክር ቤት ማዕቀፍ ነው፤ በ2001 ታትሞ የወጣው ይህ ማዕቀፍ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከኖች አሉት። ኤ1 ራስን ማስተዋወቅና ቀላል ጥያቄ መጠየቅ ነው። ኤ2 የታወቀ፣ የተለመደ ጉዳይ ማስፈጸም ነው፤ ቀጠሮ መያዝ፣ ትእዛዝ መቀበል፣ አጭር ኢሜይል መጻፍ። በቢ1 ሰው ሐሳቡን በራሱ ቃል አያይዞ ማስረዳትና ያልጠበቀውን ነገር መወጣት ይጀምራል። ቢ2 ላይ ስብሰባ መከታተል ብቻ ሳይሆን መከራከርም ይቻላል። ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ እውነተኛ ነፃነት የሚገኘው በቢ1 እና በቢ2 መካከል ነው።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት ተቋም ስፓኒሽን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀላል ከሚባሉት ቋንቋዎች መድቦታል። እንዲያም ሆኖ ለሙያ ሥራ ብቁ ለመሆን ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል። ያም ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው ሙሉ ቀን ለሚማሩ ሰዎች ነው። አሁን የድርጅትዎን ሰዓት ያስሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሰጥ ሦስት ሰዓት ይሆናል። በዓላትን፣ የዓመት ፈቃድንና የሒሳብ መዝጊያ ወቅትን ቀንሰው 42 ሳምንት ቢቀር 126 ሰዓት ነው። ከአምስት ክፍል አንዱ በስብሰባና በሕመም ይቀራል ብለው ቢያስቡ ወደ 100 ሰዓት ይወርዳል። በ100 ሰዓት ከዜሮ የተነሳ ሰው ኤ1ን ጨርሶ የኤ2ን መንገድ ይጀምራል፤ ትጉ ከሆነና ከክፍል ውጭም ካጠና ኤ2ን ሊጨብጥ ይችላል። በአንድ ዓመት ቢ2 የሚል ቃል የገባልዎት አቅራቢ በሳምንት ስንት ሰዓት ሊያስተምር እንዳሰበ ይጠይቁት።

ሠራተኛው የሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ፖርቱጋልኛ፣ ጣልያንኛ ወይም ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው የስፓኒሽ ጽሑፍ ሲያይ ግማሹን ይገምታል፤ የግስ አረባቡም አያስደነግጠውም። እንዲህ ያለውን ሰው ከፍጹም ጀማሪ ጋር ማስቀመጥ አንዱን ያሰለቻል፣ ሌላውን ያሳፍራል። ከምዝገባው በፊት የደረጃ መመዘኛ ይደረግ የምለው ለዚህ ነው። መመዘኛው የሰዋስው ምርጫ ጥያቄ ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ አሥር ደቂቃ የሚያህል ንግግርም ይኑረው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ስፓኒሽ እንደተጻፈ ይነበባል፤ አናባቢዎቹም አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተማሪ በጥቂት ሳምንት ጮክ ብሎ ማንበብ ይችላልና አለቃውም «ጥሩ እየሄደ ነው» ይላል። ማዳመጥ ግን ወደኋላ ይቀራል። የፈረንሳዩ የሊዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ንጽጽር ስፓኒሽ ተናጋሪ በሰከንድ ወደ 7.8 ክፍለ ቃል ሲያወጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወደ 6.2 ያህል ያወጣል። በስልክ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የስልክ ሠራተኛ ስልጠና ከግማሽ በላይ ማዳመጥና መመለስ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ የመማሪያ መጽሐፉን ጨርሶ ደንበኛ ሲደውል ዝም የሚል ሠራተኛ ይወጣል።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

*መተግበሪያ።* ባቤል፣ ሮዜታ ስቶንና መሰሎቻቸው ለድርጅት በጅምላ ፈቃድ ይሸጣሉ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ እጅግ ርካሽ ነው፤ ሠራተኛውም በፈለገው ሰዓት ይማራል። ቃላትን በየጊዜው እያስታወሰ ያስጠናል፤ ያጠናነውን ከፋፍሎ ደጋግሞ መከለስ እንደሚጠቅም ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ካሳተመው የመርሳት ጥናት ወዲህ ሲረጋገጥ የኖረ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚያስገድድ ቀጠሮ ስለሌለው በመጀመሪያው ወር የተጋጋለው ፍላጎት ቶሎ ይበርዳል። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር መነጋገርን አያስተምርም፤ ተናጋሪው ሐሳቡን ሲቀይር፣ ሲያቋርጥ፣ ሲቆጣ ምን እንደሚባል አይገኝበትም። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ስፓኒሽን የሚያስረዱት በእንግሊዝኛ መሆኑንም አይርሱ፤ እንግሊዝኛው የደከመ ሠራተኛ ሁለት ቋንቋ በአንዴ ይታገላል። ለ200 ሰው ፈቃድ ገዝቶ «ሠራተኞቻችንን አሠለጠንን» ማለት እኔ ስልጠና አልለውም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የንግግር መለማመጃዎች ይህን ክፍተት በከፊል እየሞሉ ነው። የሚያፍር ጀማሪ ማንም ሳይሰማው መሳሳት ይችላል፤ ያው ውይይት አሥር ጊዜ ቢደገም የሚሰለች የለም። ነገር ግን ማሽኑ በጣም ይታገሣል፤ የተሰባበረውንም ዓረፍተ ነገር ተረድቶ ያልፋል። እውነተኛ ደንበኛ እንዲህ አይታገሥም። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል መለማመጃ ይሁን ቢባል እደግፋለሁ፤ ስልጠናው ራሱ እሱ ይሁን ቢባል ግን አልስማማም።

*ቡድን፣ በድርጅቱ ግቢ።* መምህር መጥቶ በስብሰባ አዳራሽ ያስተምራል። ትልቁ ጥቅሙ ሠራተኞቹ አንድ ላይ መሆናቸው ነው፤ የጋራ ሥራቸውን ይዘው ይማራሉ፣ ከክፍል ውጭም እርስ በርስ ይለማመዳሉ፣ መቅረትም ያሳፍራል። ችግሩ የቡድኑ ብዛት ነው። እስቲ ያስሉት፤ በ60 ደቂቃ ክፍል መምህሩ ግማሹን ጊዜ ቢናገር 30 ደቂቃ ይቀራል። ስምንት ሰው ካለ ለአንዱ አራት ደቂቃ አይሞላም። አራት ሰው ካለ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ጥሩ መምህር ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያናግራልና ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ሆኖም ለ12 ሰው አንድ መምህር የሚያቀርብልዎት ድርጅት ንግግርን ሳይሆን ገለጻን ነው የሚሸጥልዎት። ስድስት ላይ ይቁሙ።

አለቃና የበታች በአንድ ክፍል ባይቀመጡ ይመረጣል። በአለቃው ፊት መሳሳት የሚፈራ ሠራተኛ አይናገርም፤ በበታቹ ፊት መሳሳት የሚያሳፍረው አለቃም ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል።

*ቡድን፣ በቪዲዮ።* ከላይ ካለው የሚለየው በቦታ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፍ ለበዛበት ድርጅት ግን ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ከቦጎታ፣ ከሜክሲኮ ሲቲ ወይም ከቫሌንሲያ ሊሆን ስለሚችል የሚፈልጉትን አገር አነጋገር መምረጥ ይችላሉ። የሰዓት ልዩነቱን ግን አስቀድመው ያጣሩ። የማድሪድ ሰዓት ከሜክሲኮ ሲቲ በአውሮፓ የብርድ ወራት ሰባት ሰዓት ይቀድማል፤ በእርስዎ ዘንድ ጠዋት የሆነው መምህሩ ዘንድ ሌሊት ከሆነ፣ ደክሞት የሚያስተምር መምህር ወይም በየወሩ የሚለዋወጥ መርሐ ግብር ይገጥምዎታል። በቪዲዮ የሚማር ሰው በሌላ መስኮት ኢሜይል መመለሱም የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ቡድኑን ማሳነስና ካሜራ እንዲከፈት መስማማት ነው፤ አራት ሰው ባለበት መደበቅ አይቻልም።

*አንድ ለአንድ።* በሰዓት ሲታይ በጣም ውድ ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን ውድ አይደለም። ወደ ሳንቲያጎ የሚሄደው መሐንዲስ በሦስት ወር ውስጥ የግንባታ ቦታ ቃላት፣ የደኅንነት ትእዛዝና የቺሌዎችን ፈጣን አነጋገር መልመድ አለበት። እሱን በቡድን አስገብቶ የሆቴል ክፍል ስለ መያዝ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ለከፍተኛ የሥራ ኃላፊም መርሐ ግብሩ ስለሚለዋወጥ አንድ ለአንድ ካልሆነ አይሳካም። ለተራ ፍላጎት ግን አንድ ለአንድ አልመክርም፤ መምህሩ የተማሪውን ስሕተት ለምዶት ከማንም በተሻለ ይረዳዋል፤ ተማሪው ሌላ ሰው ሲያናግር ይደነግጣል። አንድ ለአንድ የሚማር ሠራተኛ በየተወሰነ ጊዜ መምህር ቢቀየርለት ወይም ሁለት መምህራን ቢፈራረቁለት ጥሩ ነው።

*ወደ አገሩ መላክ።* ሳላማንካ በስፔን፣ አንቲጓ በጓቲማላ በስፓኒሽ ትምህርት ቤቶቻቸው የታወቁ ከተሞች ናቸው፤ አንቲጓ በተለይ በአንድ ለአንድ ትምህርት። የተለመደው የተፋጠነ ኮርስ በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ሁለት ሳምንት 40 ሰዓት ይሆናል፤ ከላይ ባሰላነው መሠረት በቢሮ የብዙ ወር ትምህርት ነው ማለት ነው። እሱም ከክፍል ውጭ በመንገድ፣ በገበያና በቤተሰብ ማዕድ የሚሰማውን ሳይጨምር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ግን ጊዜውን ይምረጡ። ከዜሮ የተላከ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ኤ2ን የያዘ ሰው ሲላክ ለወራት በወረቀት ያጠናው ሁሉ በአንዴ አፉ ላይ ይመጣል። በጀትዎ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከበቃ በመጀመሪያ ሳይሆን በመካከል ያድርጉት። ትምህርት ቤት ሲመርጡ የሰርቫንቴስ ተቋም ዕውቅና ሰጥቶት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ይህ በ1991 በስፔን መንግሥት የተቋቋመ የቋንቋና የባህል ተቋም ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ዕውቅና ይሰጣል።

የየት አገር ስፓኒሽ?

ብዙ ገዢዎች ይህን ጥያቄ አያነሱትም። መነሳት ግን አለበት፤ ምክንያቱም የመማሪያ መጽሐፉ፣ የድምፅ ቅጂውና መምህሩ ሁሉ የሚወሰኑት በዚህ ነው።

አይጨነቁ፤ ስፓኒሽ ከማድሪድ እስከ ሊማ አንድ ቋንቋ ነው፤ የተማረ ሰው ከየትኛውም አገር ሰው ጋር ይግባባል። ልዩነቱ የሚያሳስበው በሥራ ላይ ስለሚታይ ነው። በስፔን ብዙ ሰዎችን በወዳጅነት ሲያናግሩ «ቦሶትሮስ» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ ይህ ቃል በዕለት ንግግር የለም፣ ለቅርብም ለሩቅም «ኡስቴዴስ» ነው። ለላቲን አሜሪካ ደንበኛ ብቻ የሚሠራ ቡድን የቦሶትሮስን የግስ ርባታ አፉን ሞልቶ እንዲናገር ማስጨነቅ የጊዜ ብክነት ነው፤ ሲያነበው ካወቀው ይበቃዋል። በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በብዙው የመካከለኛው አሜሪካ ክፍል ደግሞ ለነጠላ ወዳጅ «ቱ» በሚለው ምትክ «ቦስ» ይባላል፤ ግሱም አብሮ ይለወጣል።

የአክብሮት አነጋገሩ ጉዳይ ከሰዋስው ያልፋል። በስፔን የሥራ ባልደረቦች ቶሎ ወደ «ቱ» ይሻገራሉ። በኮሎምቢያ ግን «ኡስቴድ» (እርስዎ) በስፋት ይነገራል፤ በወዳጆች መካከል ሳይቀር። ከማድሪድ ጋር ለምዶ ቦጎታ የሚደውል ሠራተኛ ሳያስበው የደፈረ ሊመስል ይችላል። መምህሩ ይህን እንደ ቁም ነገር እንጂ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ማስተማር የለበትም።

የሒሳብ ሠራተኞች ያሉባቸው ድርጅቶች በተለይ ቁጥርን ልብ ይበሉ። በስፔንና በብዙው ደቡብ አሜሪካ የአሥርዮሽ ምልክቱ ኮማ ነው፤ በሜክሲኮ ግን ነጥብ ነው። 1.250 ተብሎ የተጻፈ አኃዝ በአንዱ አገር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ በሌላው አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ሆኖ ይነበባል። በስፓኒሽ «ቢዮን» የሚባለውም የእንግሊዝኛው ቢሊዮን አይደለም፤ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፣ ማለትም ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የኮሎምቢያን የበጀት ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ የሚሠራው ስሕተት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ይቻላል። የሥራ ስፓኒሽ እናስተምራለን የሚል አቅራቢ እንዲህ ያለውን በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ማሳየት ካልቻለ፣ የሚያስተምረው በርዕሱ ላይ «ለሥራ» የተጨመረበት ተራ ኮርስ ነው።

ከብዙ አገሮች ጋር የሚሠራ ድርጅትስ? መምህራኑ ከተለያየ አገር ይሁኑ፤ ተማሪው የሚናገረው አንዱን፣ የሚሰማው ግን ብዙውን ይሁን። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ የሜክሲኮውን፣ የካሪቢያኑንና የቺሌውን ድምፅ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መስማት አለበት፤ ማን እንደሚደውልለት አይመርጥምና።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ

በተመዘገበ ሰው ሳይሆን በተማረ ሰው ያስሉ። የቡድን ክፍል በሰዓት 40 ቢሆንና ስምንት ሰው ቢመዘገብ ለአንድ ሰው 5 ይመስላል፤ የትም አገር ገንዘብ ይሁን ሒሳቡ አንድ ነው። በአማካይ የሚገኙት አራት ብቻ ከሆኑ ዋጋው 10 ሆነ። እነዚህ አራት ሰዎች የሚናገሩበትን ደቂቃ ቢቆጥሩ ደግሞ በሰዓት 25 የሚጠየቅበት አንድ ለአንድ ትምህርት ያን ያህል የራቀ አይሆንም። በዚሁ መንገድ 200 የመተግበሪያ ፈቃድ ተገዝቶ በሦስተኛው ወር የሚከፍተው 20 ሰው ከሆነ የፈቃዱ እውነተኛ ዋጋ አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የመገኘት ዘገባ በየወሩ እንዲመጣ ያስገቡ፤ መተግበሪያ ከሆነም የገባበትን ቀን ሳይሆን የተጠቀመበትን ሰዓት የሚያሳይ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ግን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አይጻፍም፤ የሠራተኛው ሰዓት ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ለማዳን ትምህርቱን ከሥራ በኋላ ያደርጉታል። ቀኑን ሙሉ የሠራ፣ ልጅ የሚጠብቀው፣ መንገድ ያለበት ሰው በምሽት ግስ ማርባት ምን ያህል ይችላል? ቀስ በቀስ ይቀራሉ፤ በመጨረሻ የሚቀጥሉት ቤተሰብ የሌላቸውና ቤታቸው ቅርብ የሆነው ብቻ ናቸው። ይህ ፍትሐዊም አይደለም። ሰዓቱን ከሥራ ቀን ላይ ቆርሶ መስጠትና የቅርብ አለቃው በዚያ ሰዓት ስብሰባ እንዳይጠራ መከልከል ከየትኛውም የማስተማሪያ ዘዴ ይልቅ ውጤት ያመጣል። አለቃው ካልተስማማ ውድ መምህር መቅጠር ጥቅም የለውም።

መምህሩን ማየት

ስፓኒሽ አፉን የፈታበት ሰው ሁሉ ስፓኒሽ ማስተማር አይችልም። ለውጭ ዜጋ ስፓኒሽ ማስተማር በስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም «ኤሌ» ተብሎ የሚታወቅ የራሱ ሥልጠናና የራሱ የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሙያ ነው። በሌላ በኩል ቋንቋውን በትምህርት የተማረ መምህር ለጀማሪ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የት እንደሚከብድ በራሱ አይቶታልና። «ሁሉም መምህሮቻችን ተወላጆች ናቸው» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን አያሳምንዎት።

የሙከራ ክፍል ይጠይቁ፤ ሲሰጥም ገብተው ይቀመጡ። ስፓኒሽ ባይችሉም የሚታይ ነገር አለ። ማን ነው የሚናገረው፣ መምህሩ ወይስ ተማሪዎቹ? ዝም ያለውን ሰው መምህሩ አየው? ስሕተት ሲሠራ ወዲያው ያቋርጣል ወይስ አስጨርሶ ነው የሚያርመው? ከድርጅትዎ የመጣ እውነተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ስምና አኃዙ የተሰረዘ ኢሜይል ወይም የዋጋ ዝርዝር፣ ይዞ ገብቷል? አስቀድመው ልከውለት ሳይጠቀምበት ከቀረ፣ ከዚያም በኋላ አይጠቀምበትም። በሙከራው ያስተማረው መምህር ራሱ እንደሚቀጥል ማረጋገጫ መያዝዎንም አይርሱ፤ ምርጡን መምህር ለሙከራ ልኮ ሌላ መተካት የተለመደ ነው።

ፈተና ማስፈተን ካሰቡ

የምስክር ወረቀት ለሁሉም አያስፈልግም። ግን ሠራተኛው ለሚማርበት ግብ ይሆነዋል፤ ድርጅቱም ከአቅራቢው ውጭ የሆነ መለኪያ ያገኛል። ሁለቱ ዋና አማራጮች ዴሌና ሲዬሌ ናቸው።

ዴሌ በሰርቫንቴስ ተቋም የሚሰጥ ዲፕሎማ ነው። ተፈታኙ ደረጃውን አስቀድሞ መርጦ ይቀመጣል፤ አለፈ ወይም ወደቀ ይባላል። ፈተናው በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ ዲፕሎማው ግን ጊዜ አያልፍበትም። ሲዬሌ በ2016 የተጀመረ፣ ከሰርቫንቴስ ተቋም በተጨማሪ የሜክሲኮ ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፣ የሳላማንካና የቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚያካሂዱት በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ነው። ማለፍና መውደቅ የለውም፤ ከ1000 ነጥብ ያገኙት ይነገርዎታል፣ ነጥቡም ወደ ደረጃ ይመነዘራል። ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይመጣል፣ የሚያገለግለው ግን ለአምስት ዓመት ነው።

ለድርጅት እኔ ሲዬሌን እመርጣለሁ። አንድ ሠራተኛ በዴሌ ቢ1 ቢወድቅ አለቃው የሚያየው ውድቀት ብቻ ነው፤ በሲዬሌ ግን በማዳመጥ ጥሩ፣ በመጻፍ ደካማ መሆኑ በግልጽ ይታያል፣ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርትም ከዚያ ይነሳል። ደግሞም ክፍሎቹን ለይቶ መፈተን ይቻላል፤ ለስልክ ሠራተኛ ማዳመጥና መናገርን፣ ሰነድ ለሚያነብ ንባብና ማዳመጥን። ዴሌ የሚሻለው ሠራተኛው ለራሱ የማይሻር ማስረጃ ሲፈልግ ነው።

ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት

ለዓመት ከመፈረም ይልቅ ለአሥር ሳምንት የሚሆን መጀመሪያ ዙር ይዋዋሉ። ዙሩ ሲያልቅ የሚለካው «ስንት ምዕራፍ አለቀ» በሚል ሳይሆን ከመነሻው በተጻፈ ተግባር ይሁን፤ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ስም፣ የትእዛዝ ቁጥርና ችግሩን በስልክ ተቀብሎ መዝግቧል ወይ፣ የሒሳብ ባለሙያዋ ደረሰኝ ላይ ግብሩን፣ የክፍያ ቀኑንና ጠቅላላውን ለይታለች ወይ። ይህን የሚፈትነው መምህሩ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ስፓኒሽ የሚችል የሥራ ባልደረባ ካለ እሱ ይበቃል።

አንዳንድ አንቀጾችን ደግሞ ቃል በቃል ያንብቡ። ክፍል ለመሰረዝ ከስንት ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለብዎት? ካላሳወቁስ ሙሉ ይከፈላል? ከቡድኑ ሁለት ሰው ቢለቅ ዋጋው ይቀንሳል ወይስ ሌላ ቡድን ጋር ይቀላቀላሉ? መምህሩ ቢሄድ የሚተካው በስንት ቀን ነው፣ እርስዎስ ተተኪውን አይተው አልቀበልም ማለት ይችላሉ? የመማሪያ መጽሐፍና የፈተና ክፍያ በዋጋው ውስጥ አሉ? የእርስዎን ሰነዶች ለትምህርት ሲሰጡ ምስጢራዊነታቸውን የሚጠብቅ ቃል ተጽፏል? አቅራቢው በእነዚህ ላይ በጽሑፍ ለመመለስ ካመነታ ወደሚቀጥለው ይለፉ።